ለማረሚያ ቤት ወርክሾፕ ሶፍትዌር አመራረጥ፦ ከደብተሩ እስከ ክፍያ መስኮቱ

ዓመት በዓል ሲቃረብ ይቅርታ ይወጣል። ስማቸው የተጠራ ታራሚዎች ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወደ በር ከመሄዳቸው በፊት በወርክሾፕ የሠሩበትን ድርሻ ለመቀበል በሒሳብ ክፍል መስኮት ያልፋሉ። አንድ ጳጉሜን ላይ፣ በእንጨት ሥራ ክፍል ዓመታት የሠራ ሰው ከደረት ኪሱ ታጥፎ ታጥፎ የሳሳ ወረቀት አውጥቶ ሰጠን። የሠራባቸውን ቀኖች ራሱ በእስክሪብቶ ሲመዘግብ ኖሯል። የእኛ መዝገብ ሌላ ይላል፤ የወርክሾፑ ኃላፊ ደብተር ደግሞ ከሁለቱም አይገጥምም። ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኛ ሦስት ወረቀት እናመሳክራለን። በመጨረሻ በእሱ ወረቀት ከፈልነው።

ከዚያ በኋላ "ሶፍትዌር ይገዛ" ተባለ፤ ተገዛም። ሻጩ ባሳየን ባለቀለም የሽያጭ ግራፍ ተማርከን ነበር። ፕሮግራሙ ስንት ወንበር እንደተሸጠ አሳምሮ ይናገራል፤ ወንበሩን ማን እንደሠራው የሚመዘገብበት ቦታ ግን የለውም። ዓመት ሳይሞላው ተመልሰን ወደ ደብተሩ ገባን። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከዚያ ኪሳራ የተገኘ ነው። ማንኛውንም ሶፍትዌር የምፈትንበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው ዛሬ ቢፈታ ምን ይገባዋል? ይህን በአምስት ደቂቃ የማይመልስ ፕሮግራም፣ ሌላው ነገሩ ቢያምርም፣ ለማረሚያ ቤት አይሆንም።

1. ሻጭ ከመጥራታችሁ በፊት ደብተሮቹን ሰብስቡ

አንድ ሳምንት ስጡት። ሽመናው፣ እንጨትና ብረታ ብረቱ፣ ብሎኬት ማምረቻው፣ ዳቦ ቤቱ፣ እርሻውና ከብት እርባታው እያንዳንዳቸው የሚጽፉባቸውን ደብተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ከእነሱ ጋር የንብረት ክፍሉን ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ)፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚያሳየውን ቢን ካርድ፣ የሽያጭ ደረሰኙን፣ የሥልጠና ክፍሉን የስም መጥሪያና የታራሚዎችን የአደራ ገንዘብ መዝገብ አምጡ።

ከዚያ አንድ ዕቃ ምረጡና ከኋላ ወደ ፊት ተከተሉት። ባለፈው ወር የተሸጠ አንድ ጋቢ በቂ ነው። ድሩና ማጉ መቼ ከመጋዘን ወጣ? ማን ፈተለ፣ ማን ሸመነ፣ ስንት ቀን ፈጀ? ገንዘቡ መቼ ገባ፣ ለሸማኔው የደረሰው መቼ ነው? ክሩ የሚበጠስበትን ቦታ ቀይ አስምሩበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ሁለት ቦታ ነው፦ ጥሬ ዕቃው ከመጋዘን ወጥቶ ወርክሾፕ ሲገባ፣ እና ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡ ወደ ሠራተኛው ሲመለስ። እነዚያ ቀይ መስመሮች ከማንኛውም አማካሪ ሰነድ የተሻለ የፍላጎት ዝርዝር ይሆኗችኋል።

2. ደንቡ በጽሑፍ ይቀመጥ

ሶፍትዌር ሰዎች ያልተስማሙበትን ክፍፍል አያሰላም። ከትርፉ ስንት እጁ ለታራሚው፣ ስንቱ ለወርክሾፑ፣ ስንቱ ለመንግሥት ገቢ እንደሚሆን በፊርማና በማኅተም የተቀመጠ ካልሆነ ፕሮግራም መምረጥ ጊዜ ማባከን ነው። የፌደራል ተቋማት ከፌደራል ማረሚያ ቤት ኮሚሽን አዋጅ ቁጥር 1174/2012 እና ከታራሚዎች አያያዝ ደንብ ቁጥር 138/1999 ይነሱ፤ ክልሎች ደግሞ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ከእነዚህ በላይ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸውን የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች አንድ ጊዜ አንብቧቸው። ነገሩ የዲፕሎማት ወሬ ይመስላል፤ ግን ደንቦቹ በቀጥታ ወደ ሶፍትዌር መስክ፣ ማለትም በቅጹ ላይ ወደሚሞላ ቦታ፣ ይቀየራሉ። ደንብ 103 ፍትሐዊ ክፍያ እንዲኖር፣ ታራሚው ከፊሉን ለራሱ መግዣ እንዲጠቀምበት፣ ከፊሉን ለቤተሰቡ እንዲልክ፣ ከፊሉ ደግሞ ሲፈታ እንዲሰጠው እንዲቀመጥ ይላል። ስለዚህ ለአንድ ሰው አንድ ሒሳብ አይበቃም፤ ሦስት ኪስ ያለው ሒሳብ ያስፈልጋል። ደንብ 102 በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይጠይቃል፤ ፕሮግራሙ ሰባት ቀን ተከታታይ ሰዓት የተሞላለትን ሰው ሲያይ ማስጠንቀቅ አለበት። ደንብ 116 ገና ያልተፈረደበት የቀጠሮ እስረኛ የመሥራት ዕድል ይሰጠው እንጂ አይገደድ፣ ከሠራም ይከፈለው ይላል። ስለዚህ "ቀጠሮ" እና "ፍርደኛ" የሚል መለያ ከሰውየው ስም ጎን ይቀመጥ፤ የቀጠሮ እስረኛ ከሆነም ፈቃዱን የገለጸበት ቀን ይመዝገብ።

ደንብ 97 ደግሞ ማንንም ታራሚ ለማረሚያ ቤቱ ሠራተኛ የግል ጥቅም ማሠራትን ይከለክላል። ይህን ስጽፍ ፈገግ የሚሉ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የአንድ ኃላፊ ቁም ሳጥን "ትንሽ ነገር ነው" ተብሎ ያለ ደረሰኝ የሚወጣበት ቤት ጥቂት አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የሥራ ትዕዛዝ ቁጥር ያልተሰጠው ሥራ ጥሬ ዕቃ ከመጋዘን ማውጣት እንዳይችል ፕሮግራሙ ይዝጋ። ሠራተኛም ማዘዝ ከፈለገ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ዋጋ ከፍሎ፣ ቁጥር ይዞ ይግባ።

3. አንድ ትዕዛዝ ውሰዱና እስከ መጨረሻው አስሉት

ከሻጮች ጋር ስትነጋገሩ የምታሳዩት ምሳሌ ይህ ነው፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀይሯቸው።

አንድ ትምህርት ቤት 40 ኮምባይን ዴስክ አዘዘ እንበል። የአንዱ ዋጋ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 3,000 ብር፤ ጠቅላላው 120,000 ብር። ጣውላ፣ ብረት፣ ብሎንና ቫርኒሽ 70,000 ብር ወሰደ። መብራት፣ የማሽን ጥገናና ትራንስፖርት 14,000 ብር። የቀረው 36,000 ብር ነው። በደንባችሁ ግማሹ ለሠሩት ይከፋፈላል ከተባለ 18,000 ብር ይሆናል። ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 60 ሰዓት፣ በድምሩ 360 ሰዓት ይሠራሉ ተብሎ ታቅዷል፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ድርሻ 50 ብር ነው።

እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ፕሮግራም ይሠራዋል። አሁን ነገሩን አወሳስቡት። ከስድስቱ አንዱ 45 ሰዓት እንደሠራ በአመክሮ ተፈታ። ያለቀው 25 ዴስክ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚከፍለው ሁሉንም ሲረከብ ነው። ሰውየው ግን ዛሬ ነው የሚሄደው፤ አገሩ ደግሞ ሩቅ ነው። በታቀደው ዋጋ 2,250 ብር ይደርሰዋል፤ ነገር ግን ጣውላው ቢወደድ ወይም ሌሎቹ ተጨማሪ ሰዓት ቢፈጅባቸው ትክክለኛው ድርሻ ይለወጣል።

ጥሩ ፕሮግራም እዚህ ላይ ሦስት ነገር ያደርጋል። በጊዜያዊ ዋጋ አስልቶ በዕለቱ እንዲከፈል ያደርጋል፤ የተከፈለውን በትዕዛዙ ላይ እንደ ወጪ ይይዘዋል፤ ትዕዛዙ ሲዘጋ ልዩነት ካለ በተፈታው ሰው ስም ተከፋይ ሒሳብ ያቆያል። ለዚህም ከመፈታቱ በፊት የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ወይም የሚወክለው የቤተሰብ አባል ስም ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ደካማ ፕሮግራም ሰውየውን "ከሥራ የለቀቀ" ብሎ ሲዘጋው ታሪኩም ሒሳቡም አብሮ ይዘጋል። እኛ የገዛነው እንደዚያ ነበር።

የጉርሻ ወይም የተቀናሽ ሕግ ካላችሁም በዚሁ ምሳሌ ላይ ጨምሩ። ከውጭ ተሠርተው የሚመጡ የማረሚያ ቤት ፕሮግራሞች ተቀናሾቻቸው የተቀረጹት በየአገራቸው ልማድ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ዩኒኮር በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው፣ በ1934 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፌደራል እስር ቤቶች ድርጅት የፍርድ ቤት ዕዳ ካለባቸው ሠራተኞቹ ክፍያ ግማሹን ለዚያ ዕዳ ያውላል። የእናንተ ደንብ ያንን የማይል ከሆነ ማጥፋት የሚቻል መሆኑን አረጋግጡ።

4. ሥልጠናው የምርቱ ጭራ አይሁን

የማንዴላ ደንብ 99 የታራሚው ጥቅምና የሙያ ሥልጠናው ለትርፍ ሲባል ወደ ኋላ እንዳይገፋ ይላል። በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። ጎበዙ በያጅ ለሦስት ዓመት አንድ ዓይነት የመስኮት ፍሬም ብቻ ይበይዳል፤ ምርት ስለሚያስገባ ማንም አያንቀሳቅሰውም። ሲወጣ ሌላ አያውቅም።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ሰዓትን በሁለት ዓይነት ይመዝግብ፦ የምርትና የሥልጠና። ከሰዓቱ ጋርም ሰውየው የትኛውን የብቃት አሃድ (የሙያውን አንድ ክፍል) እንደተለማመደ፣ ማን እንዳሠለጠነው፣ መቼ እንደተመዘነ ይያዝ። አሠልጣኙ በወር አንዴ "በዚህ ወር አዲስ ነገር ያልሠሩ" የሚል ዝርዝር ማውጣት ከቻለ ትልቅ ነገር ነው። የብቃት ምዘና፣ እንደ ተለመደው አጠራር ሲኦሲ፣ የሚሰጠው ከውጭ በሚመጣ መዛኝ ስለሆነ ሰነዱን አዘጋጅቶ የሚያትም ፕሮግራም ብዙ ሥራ ያቀልላል። በምስክር ወረቀቱ ላይ ግን የማረሚያ ቤቱ ስም በትልቁ እንዳይወጣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

5. መሮና መዶሻ

ይህን ክፍል ሻጮች አያውቁትም፤ እናንተ ካልነገራችኋቸው አይጠይቁም። በውጭ ወርክሾፕ መሮ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል። በማረሚያ ቤት ግን አንድ መሮ ካልተገኘ ማንም ከወርክሾፑ አይወጣም፤ ፍተሻ ይጀመራል፣ ምሳ ይዘገያል፣ ቀኑ ይበላሻል። ስለዚህ የመሣሪያ አሰጣጥና አመላለስ ገጽ ፈጣን መሆን አለበት፤ ጠዋት ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ስም በኪቦርድ የሚፈለግበት ከሆነ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ወደ ወረቀት ይመለሳል። በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ የተቀረጸ አጭር ቁጥርና በሰውየው መታወቂያ ላይ ያለ ባርኮድ ይበቃል። ማታ ደግሞ አንድ ገጽ ብቻ ይፈለጋል፦ ያልተመለሰ ምን አለ፣ በማን እጅ?

6. ግቢውን አትርሱ

ብዙዎቹ የዛሬ ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ሲገቡባቸውም የይለፍ ኮድ በስልክ ይልካሉ። የወርክሾፕ ሠራተኛው ስልክ በር ላይ ቀርቷል! እኛ ይህን ያወቅነው ከተከፈለ በኋላ ነው። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆኑን የመጀመሪያው ማጣሪያ አድርጉት።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ሻጩ ሲያሳያችሁ ግማሽ የተሞላ ቅጽ ላይ ኮምፒውተሩን ንቀሉትና መልሳችሁ አብሩት። ሲበላሽ ጥገናው እንዴት እንደሚመጣም ጠይቁ፤ ባለሙያው ለመግባት ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ላፕቶፑና ፍላሹ ይፈተሻል፣ ምናልባትም አይገባም። ቀላሉን ብልሽት ራሳቸው የሚያስተካክሉ ሁለት የውስጥ ሠራተኞች ይሠልጥኑ። አንድ ብቻ ካሠለጠናችሁ እሱ በሚቀጥለው ወር ይዛወራል።

7. ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ

ፕሮግራሙ "አማርኛ ይችላል" ሲሏችሁ አትመኑ። አንድ ሰው "ኃይሉ" ብላችሁ መዝግቡና "ሀይሉ" ብላችሁ ፈልጉት። ካልመጣ በስድስት ወር ውስጥ አንዱ ታራሚ ሦስት ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ጸጋዬና ፀጋዬም እንዲሁ። ፍለጋው ሀን፣ ሃን፣ ሐን፣ ሓን፣ ኀንና ኃን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ ማየት አለበት። ስሙም በሦስት መስክ ይያዝ፦ የራሱ፣ የአባት፣ የአያት። "የቤተሰብ ስም" ብሎ የሚያስገድድ ቅጽ አባትን ከአያት እያደባለቀ ያስቸግራችኋል።

የቀን አቆጣጠሩ ፈተና ጳጉሜን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን መዝግቡ፤ ከዚያ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣውን ጳጉሜን 6 ሞክሩ። አሥራ ሦስተኛው ወር የሌለው ፕሮግራም የእነዚያን ቀናት ሥራ ወይ ነሐሴ ውስጥ ይጨምረዋል ወይ ይጥለዋል፤ ይቅርታ የሚወጣውና የተፈቺዎች ሒሳብ የሚዘጋው ደግሞ ያኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን፣ ጠዋት 2 ሰዓት የገባ ሰው ለሊት የገባ ተብሎ አለመቆጠሩንም እዩ።

8. ምን ምን አማራጭ አለ?

ኤክሴል መናቅ የለበትም። አንድ ወርክሾፕና ሠላሳ ሠራተኛ ብቻ ያለው ግቢ በደንብ በተሠራ የኤክሴል ፋይል ይተዳደራል፤ ችግሩ ማን ምን እንደቀየረ ዱካ አለማስቀመጡ ነው።

ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የማያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ የለም ማለት ይቻላል፤ ያ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ለሽያጭ፣ ለክምችትና ለሒሳብ ይሆናል። ለሥልጠና፣ ለመሣሪያ ቁጥጥርና ለሦስቱ ኪሶች ግን አልተሠራም፤ ከጎኑ ሌላ ነገር መደገፊያ ይፈልጋል።

ኦዱ እና ኢአርፒኔክስት የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞች ሲሆኑ ምንጭ ኮዳቸው ክፍት የሆነ (ባለሙያ አይቶ ሊያስተካክለው የሚችል)፣ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ የሚጫኑ ናቸው። ምርትን፣ ክምችትንና ሽያጭን በአንድ ያስተሳስራሉ። በኦዱ ነፃው ቅጂ ውስጥ ሙሉው የሒሳብ ክፍል የለም፤ እሱ በሚከፈልበት ቅጂ ነው። ኢአርፒኔክስት ሒሳብን በነፃው ይዟል፣ ደመወዝን ግን ከጎኑ በሚጫን ሌላ መተግበሪያ ነው የሚሠራው። ሁለቱንም ነፃ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው የሚያስከፍለው የማስተካከያውን ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ ርካሽ አይደለም።

የአገር ውስጥ ድርጅት ከባዶ የሚሠራላችሁ ፕሮግራም ከፍላጎታችሁ ጋር ይገጥማል። ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ጽፎ የሠራው ልጅ ውጭ አገር ቢሄድ ግን ወላጅ አልባ ትሆናላችሁ። እኔ የምመርጠው ክፍት ምንጭ ላይ ተነሥቶ የታራሚውን ሒሳብና የመሣሪያ ገጹን በአገር ውስጥ ባለሙያ ማስጨመርን ነው።

9. በራሳችሁ ዳታ አሠሯቸው

ሻጩ ባዘጋጀው ምሳሌ ላይ የሚደረግ ማሳያ ሁልጊዜ ያምራል። ፕሮፎርማ ወይም የጨረታ ሰነድ ስታወጡ የተግባር ፈተና ነጥብ እንዲኖረው አድርጉ፤ ስሞቹን ቀይራችሁ የዴስኩን ትዕዛዝ ስጧቸው። በክፍሉ ውስጥ የሒሳብ ኃላፊ፣ የንብረት ሠራተኛ፣ አሠልጣኝና የጥበቃ አባል ይኑሩ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ሻጩ አይሁን፤ የእናንተው የንብረት ሠራተኛ ይሁን። እሷ ያለ እርዳታ ዕቃ አውጥታ፣ ሰዓት መዝግባ፣ የተፈታውን ሰው ክፍያ ማተም ከቻለች ፕሮግራሙ አልፏል። ሻጩ እጁን ወደ ማውሱ በሰደደ ቁጥር ነጥብ ቀንሱ።

10. ማን ምን ያያል?

የወርክሾፑ ኃላፊ የታራሚው ወንጀል ምን እንደሆነ ማወቅ የለበትም፤ የጥበቃው ክፍል ለደኅንነት የሚያውቀው ሌላ ነው። የወንጀል፣ የጤናና የፍርድ ዝርዝር መረጃ በምርቱ ፕሮግራም ውስጥ ጭራሽ እንዳይገባ አድርጉ፤ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ "ቀጠሮ" ወይም "ፍርደኛ" የሚለው መለያና የመፈቻ ቀን ብቻ ይተላለፍ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መረጃ ማስገባቱን ለተማሩ ታራሚዎች መስጠት የተለመደ ነው፤ ችሎታውም አላቸው። ግን የጓደኛን ሰዓት የሚሞላ ሰው በግቢው ውስጥ ጫና ይደርስበታል። ካቦው በወረቀት ይያዝ፣ ሠራተኛ ያስገባ። በየወሩ ለእያንዳንዱ ሰው የሠራበት ሰዓትና የሒሳቡ ቀሪ ታትሞ ይሰጠው፤ ማንበብ ለማይችለው ይነበብለት፣ ተስማምቶ ይፈርም። ቅሬታ ካለው ወሩ ሳያልፍ ይሰማ።

11. ውሉ

ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ካልገባ አትፈርሙ፦ ዳታው በሙሉ በማንኛውም ጊዜ በኤክሴል ሊወጣ የሚችል መሆኑ፣ ለእናንተ ተብሎ የተጻፈው ምንጭ ኮድ መረከቡ፣ የዓመታዊ ጥገናው ዋጋ ቢያንስ ለሦስት ዓመት መታወቁ። ከመግዣው ይልቅ ሰርቨሩ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆየው ዩፒኤስ፣ ባርኮድ ማንበቢያውና ሥልጠናው የበለጠ ሊያስወጡ ስለሚችሉ በአንድ በጀት ውስጥ ያዟቸው።

12. አጀማመር

ሰኔ ላይ አትጀምሩ፤ ሒሳብ መዝጊያ ነው። ሐምሌም ቆጠራ ነው። ጥቅምት ጥሩ ነው። በአንድ ወርክሾፕ ብቻ ጀምሩ፤ ቢቻል ሁከት በማይበዛበት በሽመናው። ለሦስት ወር ደብተሩና ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ በየሳምንቱ ዓርብ አምስት ስም በዕጣ አውጡና በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። ልዩነቱ ከደብተሩ ከመጣ ደብተሩን የሚሞላውን ሰው አነጋግሩ፤ ከኮምፒውተሩ ከመጣ ሻጩን ጥሩ።

የመፈቻ ክፍያ ወረቀቱን ደግሞ ከሁሉም በፊት አሠሩት። አንድ ገጽ ይሁን፦ ስም እስከ አያት፣ የሠራባቸው ክፍሎችና ሰዓቶች፣ ሦስቱ ኪሶች፣ ገና ያልተዘጉ ትዕዛዞች፣ የጨረሳቸው የሥልጠና አሃዶች፣ የሁለት ሰው ፊርማ። በሁለት ቅጂ ይታተም፤ አንዱን ራሱ ታራሚው ይዞ ይሂድ።